«የእኔ አይደለም» ያልኩት ጥሪ

ጥፋቴ ሁለት መስመር ነው። ሁለቱም መስመሮች በየራሳቸው ትክክል ነበሩ፤ ያጠፋሁት ቅደም ተከተላቸውን ነው። የታችኛው ከላይ፣ የላይኛው ከታች መሆን ነበረበት። እንዲህ ሲነገር ቀላል ይመስላል። እኔም ለዘጠኝ ወር «ቀላል ነው፣ በማንም ላይ የሚደርስ ነው» እያልኩ ራሴን ሳባብል ከረምኩ። የደረሰው ግን በማንም ላይ ሳይሆን በየኔታ ላይ ነበር፤ ይህንን አንድም ቀን ረስቼው አላውቅም።

የኔታ ዘመዴ አይደሉም። ላሊበላ ውስጥ ከእኛ ቤት በታች፣ ሃምሳ እርምጃ በማይሞላ ቁልቁለት ላይ፣ ከባለቤታቸው ጋር በድንጋይ ቤት የሚኖሩ ካህንና የዜማ መምህር ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ አፋቸው ግን አላረጀም፤ ሰው ላይ ማሾፍ ይወዳሉ፣ የሚያሾፉበትን ሰው ደግሞ የበለጠ ይወዳሉ። እኔ ላይ ብዙ ያሾፉ ነበር።

ከእሳቸው ጋር ያቀራረበን አንድ የብራና መጽሐፍ ነው። ወደ ገነተ ማርያም መሄጃ ካለች አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን በውሰት ያመጡት የዜማ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ እንኳ ሌላም ቦታ ይገኛል። ሌላ ቦታ የማይገኘው በጠርዙ ላይ ሟች መምህራቸው በደቃቅ ፊደል የጻፉት እርማት ነው፤ የቱ ጋ ድምፅ ከፍ እንደሚል፣ የቱ ጋ እንደሚታጠፍ፣ መምህር ለተማሪው በቃል ሲያወርደው የኖረው ሁሉ እዚያ ጠርዝ ላይ አለ። የመምህሩን እጅ ጽሕፈት ለይተው ማንበብ ከሚችሉት ተማሪዎች በሕይወት የቀሩት የኔታ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሁሉንም በጥሩ ሁኔታ ገልብጠው ለሚመጣው ሰው ማስቀመጥ ፈለጉ። «ዓይኔ ሳይቀድመኝ ልቅደመው» ይሉ ነበር።

በብዕር እንዳይሠሩት እጃቸው እምቢ አለ። እኔ ያኔ ከሆቴል ሥራዬ ተሰናብቼ ነበር። እንግዳ መቀበያው ላይ ቆሜ ክፍል እሰጣለሁ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ገመድ እነካካለሁ፤ ቱሪስቱ ሲጠፋ የሚነካካ ገመድም፣ የሚሰጥ ክፍልም ጠፋ። ሆቴሉ ያረጁ ኮምፒውተሮቹን ሲጥል አንዱን በባጃጅ ጭኜ ለየኔታ አመጣሁላቸው። የሚንቀጠቀጥ ጣት በብዕር ያሳፍራል፤ በኪቦርድ ግን ፊደሉ ያው ፊደል ነው፣ ማን ያውቃል። ከእያንዳንዱ መስመር በላይ የዜማው ምልክት የሚገባበት ቀጭን መስመር አዘጋጀሁላቸው። የኔታ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሆቴሉ ጸሐፊ የተሻለ መተየብ ቻሉ፤ ይህንንም ለሰፈሩ ሁሉ ተናገሩ።

ሁለት ልማድ ነበራቸው፤ ሁለቱንም ላስተዋቸው አልቻልኩም። አንደኛው፣ መጽሐፉን ሁሉ በአንድ ፋይል ውስጥ ነው የሚጽፉት። ከፋፍለው እንዲያስቀምጡት ብለምናቸው «መጽሐፍ በግ ነው እንዴ የሚበለተው?» አሉኝ። ሁለተኛው፣ በብራናው ላይ የፈጣሪና የእመቤታችን ስም በቀይ ቀለም ነው የሚጻፈው፤ በስክሪኑም ላይ ቀይ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አሉ። ስሙ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ከኪቦርዱ ያነሣሉ፣ ያማትባሉ፣ ከዚያ ማውሱን ጨብጠው ቀስ ብለው ቀይ ያደርጉታል። ማቅላት ይሉታል። አንዷን ስም ለማቅላት የሚፈጅባቸው ጊዜ ሌላ ሰው አንድ ገጽ ይጽፍበታል። እኔም በየቅዳሜው ፋይሉን በፍላሽ ላይ ልቀዳላቸው ቃል ገባሁ።

አሁን ስለ እኔ ሥራ ትንሽ ማስረዳት አለብኝ፤ ጥፋቱ ያለው እዚያ ነው። ሥራ ፈትቼ በተቀመጥኩበት ጊዜ፣ በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰዎች በጋራ የሚጽፉትን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ማጥናት ጀመርኩ። ውስጠኛው ክፍሉ ከርነል ይባላል። ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን የሚሥለው ግራፊክስ ካርድም ሆነ ጽሑፉን የሚያስቀምጠው ዲስክ፣ አንድ ነገር ሲፈልግ ከርነሉን ይጠራል። ጥሪው በሙያው ኢንተረፕት ይባላል። አሮጌ ማሽን ላይ ሁለት ሦስት ዕቃ አንድ የጥሪ መስመር ይጋራል። ስለዚህ ጥሪ በመጣ ቁጥር ከርነሉ ድራይቨር የሚባለውን የየዕቃውን ፕሮግራም በተራ ይጠይቃል፤ ድራይቨሩም ዕቃውን አይቶ «የእኔ ነው» ወይም «የእኔ አይደለም» ይላል። ከዚህ በላይ ማወቅ አያስፈልግም።

የግራፊክስ ድራይቨሮች ለብዙ ጊዜ ጥሪያቸውን ራሳቸው አይቀበሉም ነበር። መሃል ላይ ለሁሉም የሚቀበል አንድ የጋራ ኮድ ነበር። ያ ኮድ አርጅቶ ለአንዱ ሲመች ለሌላው እየጠበበ ስለመጣ፣ ይውጣና እያንዳንዱ ድራይቨር ጥሪውን ራሱ ይቀበል ተባለ። ሥራው ብዙ ነው፤ ሰዎች ተከፋፈሉት፤ አሮጌዎቹን ድራይቨሮች የፈለጋቸው ሰው አልነበረም። እኔ ፈለግኋቸው። በትልልቆቹ ላይ ማን ያስጠጋኛል? የተጣለውን ባነሣ ግን ከጻፉት ሰዎች መዝገብ ስሜ ይገባል።

ይህን ለየኔታ ሳስረዳቸው «መሃል ያለውን አማላጅ እያስወጣን ነው» አልኳቸው። የኔታ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አማላጅ አያስፈልግም የሚለው ትምህርት የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሳትነግሪን ሃይማኖት ቀይረሽ እንዳይሆን።»

እንደሚያሾፉ ባውቅም ደንገጥ አልኩ። ደላላ ማለቴ ነው ብዬ አረምኩ። ደላላማ ከሆነ ይውጣ፣ ማን ከልክሎት አሉና ወደ ጽሑፋቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ባገኙኝ ቁጥር ደላላው ወጣ ወይ ብለው ይጠይቁኛል። እናቴ እንኳ ሥራዬን «ስልክ ጥገና» ከማለት አልፋ አታውቅም፤ እሳቸው ግን የገባቸውን ያህል ገብቷቸው ይከታተሉኝ ነበር። ሰው ሲከታተልህ ደስ ይላል። እኔንም ደስ አሰኘኝ፣ ከልክ በላይም አኮራኝ።

እንዲህ ያለ ለውጥ ሲላክ ከግርጌው «ተፈትኗል» ተብሎ የፈታኙ ስም ይጻፋል። እኔ የያዝኩት አንዱ ድራይቨር የሚያሽከረክረው ካርድ በጣም አሮጌ ስለሆነ በእጁ ያለው ሰው የለም። ኮዱን የሚመረምረው ሰውዬ፣ አገሩ በጣም ሩቅ ነው፣ ይህን ካርድ ማን ሊፈትንልን ይችላል ብሎ ለሁላችንም ጻፈ። ዝም ተባለ። ካርዱ የት እንዳለ እኔ አውቅ ነበር። የኔታ ጠረጴዛ ሥር ነው።

አልጠየቅኋቸውም። ብጠይቃቸው እሺ ይሉኝ እንደነበር አውቃለሁ፤ ግን «ይበላሻል ወይ?» ይሉኛል፣ እኔም መዋሸት ወይም መተው ይኖርብኛል። በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ጧት እሳቸው ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት ሰዓት ባለቤታቸውን ማሽኑን ላጽዳ ብዬ አስፈቅጄ ገባሁ። የራሴን ከርነል ጫንኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል መስኮት ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ሥዕል አሳየሁ፣ ፋይል ገለበጥኩ። ሁሉም ሠራ። እዚያው በስልኬ ኢንተርኔት «ተፈትኗል» ብዬ ከነስሜ ላክሁ። አሮጌውን ከርነል መመለስ ነበረብኝ፤ ትንሽ ይቆይና በደንብ ይፈተን አልኩና ተውኩት። ፋይሉን ቀዳሁላቸው። ያ የመጨረሻው ቅዳሜ ሆነ፤ ለውጤ ተቀባይነት አግኝቶ ስሜ ሲገባ በደስታው ሌላ ሥራ ላይ ተጠመድኩ፣ ፍላሹም ከኪሴ አልወጣም።

ዐቢይ ጾም ገባ። የኔታ በጾሙ ጠነከሩ። ጧት ከጸሎት መልስ ተቀምጠው ቅዳሴ እስኪደርስ ድረስ ይጽፋሉ፤ እህል ቀርቶ ውኃም ባፋቸው አይዞርም። ባለቤታቸው ቢለምኗቸው «ዓይኔ ጾመኛ ነው ብሎ አይጠብቀኝም» ይሏቸዋል። የመጽሐፉን ግማሽ አልፈው ነበር።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ሳምንት፣ ረቡዕ ጧት፣ ባለቤታቸው ነጠላቸውን በወጉ ሳያጣፉ እየሮጡ መጡ። ስገባ የኔታ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። ስክሪኑ ላይ ገጹ አለ፤ አንዲት የእመቤታችን ስም ግማሿ ቀልታ ግማሿ ጥቁር እንደሆነች ቆማለች። ማውሱ አይሄድም። ኪቦርዱ አይሰማም።

«ስሟን ላቀላ ስል ቆመብኝ» አሉኝ። «ምን አድርጌ ነው? ምን ነካሁ?»

ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁት። ፋይሉ ስሙ አለ፣ ውስጡ ባዶ ነው። ማሽኑ ዲስኩ ላይ ሊያስቀምጠው ሲጽፍ መሃል ላይ ተቋርጦ ነው። ከርነሉ ሲሠራ ማስታወሻ ይይዛል፤ ያንን ከፍቼ ሳነብ ከታች አካባቢ አንድ መስመር አገኘሁ። በእንግሊዝኛ ነው፤ በእኛ አባባል «ግድ ያለው የለም» እንደ ማለት ነው። በጋራው መስመር ላይ ጥሪ በመጣ ቁጥር ሁሉም ድራይቨር «የእኔ አይደለም» ካለ ከርነሉ ይቆጥራል። ሺህ በሺህ ላይ ሲደራረብበት እንዲህ ብሎ ይጽፍና መስመሩን ይቆርጠዋል። መስመሩን ከግራፊክስ ካርዱ ጋር የሚጋራው ዲስኩ ነበር፤ መስመሩ ሲቆረጥ ዲስኩም አብሮ ዱዳ ሆነ።

ቆሜ እያለሁ ነው የገባኝ። ካርዱ ሲጠራ «እኔ ነኝ» የሚል ምልክት ያነሣል። እኔ በጻፍኩት ኮድ ድራይቨሩ መጀመሪያ ሥራውን ይሠራና ምልክቱን ያጠፋል፤ ካጠፋ በኋላ ምልክት አለ ወይ ብሎ ያያል። የለም። ስለዚህ ሥራውን ሠርቶ «የእኔ አይደለም» ይላል። እኔ ስፈትነው ፋይል ስገለብጥ ስለነበር ዲስኩም አብሮ ይጠራል፣ የዲስኩ ድራይቨርም «የእኔ ነው» ይላል፤ ስለዚህ ቆጠራው አልሞላም። የኔታ ግን እንደኔ አይነካኩም። ብራናውን ለረጅም ጊዜ ያያሉ፣ ያማትባሉ፣ ያስባሉ። በሌሎቹ ቀናት ዲስኩ መሃል ላይ እየጠራ ቆጠራውን ያቋርጠው ነበር፤ ያን ረቡዕ ግን ዲስኩ ዝም ባለበት በዚያ ጸጥታ ውስጥ የካርዱ ጥሪ ብቻውን ተቆጠረ። ቀስ ብለው በጥንቃቄ በመሥራታቸው ነው የቆመባቸው።

ይህን ሁሉ ያን ዕለት፣ እሳቸው እያዩኝ፣ አውቄዋለሁ። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። የወጣው «ምንም አልነኩም የኔታ፣ ማሽኑ አርጅቶ ነው» የሚል ነበር። የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ለማሽኑ ያልኩትን «አርጅቶ» የሚለውን ቃል ለራሳቸው ወሰዱት። የተረፈ ነገር ካለ ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ዲስኩን በረበርኩ፤ የተበጣጠሰ ቃል እንጂ ገጽ የሚባል አላገኘሁም። በኪሴ ያለው ፍላሽ ላይ ያለው እስከ ጥር የተጻፈው ብቻ ነው። የጾሙ ሥራ ሁሉ ጠፋ።

በሦስተኛው ቀን ሁለቱን መስመሮች አቀያይሬ እርማቱን ላክሁ። በዚያ ሙያ ደንብ ነው፤ እርማት ስትልክ የየትኛውን ለውጥ ስህተት እንደሚያርም በግልጽ ትጽፋለህ፣ ስህተቱ የራስህ ቢሆንም። ጻፍኩ። ስህተቱ የእኔ ነው፣ በቂ ፈተና ሳላደርግ «ተፈትኗል» ብያለሁ፣ የአንድ ሰው ሥራ ጠፍቷል አልኩ። ይህን በሺህ የሚቆጠር ሰው ያነበዋል፤ ማንም ፈልጎ ዛሬም ሊያገኘው ይችላል። መርማሪው ሰውዬ ሳልሸፋፍን ስለጻፍኩ አመሰገነኝ። ከዚያ በኋላ ይበልጥ አመነኝ፤ ቆይቶም በእሱ በኩል ደህና ሥራ አገኘሁ። በእንግሊዝኛ ለማላውቃቸው ሰዎች ተናዝዤ ተሸለምኩበት። ሃምሳ እርምጃ ወርጄ በአማርኛ መናገር ግን አቃተኝ።

ለምን? ፈሪ ስለሆንኩ ነው። ሌላ ምክንያት ስፈልግ ከርሜያለሁ፣ የለም። የኔታ ስለ እኔ ለሰው ሲያወሩ «የእኛ ልጅ ስሟ በዓለም ማሽን ሁሉ ላይ ተጽፏል» ይሉ ነበር። ያንን አባባል እንዳይተዉት ፈራሁ።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ በፍላሹ ላይ ያለውን ይዤ ሄጄ፣ ማሽኑን አስተካክዬዋለሁ፣ በጥር ከቆመው እንቀጥል አልኳቸው። የኔታ ፈገግ ብለው ተቀበሉኝ፤ መጽሐፉ ግን ጠረጴዛው ላይ አልነበረም። ጠቅልለው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት መልሰውታል። ስሟን በመብራት ላቀላ ብዬ ደፈርኩ፣ በዚያው ላይ እያለሁ ነው ያቆመችኝ፣ ከዚህ ወዲያ ምን ምልክት እጠብቃለሁ አሉኝ። ያኔ አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ማሽኑን በጨርቅ ሸፍኜ ወጣሁ።

እኛ አገር ለካህን ሰላምታ ሲሰጥ «ይፍቱኝ» ይባላል። ሰው ይህን ሲል ስለ ኃጢአቱ አያስብም፤ እንደ ደህና አደሩ ነው። የኔታን በየጧቱ መንገድ ላይ አገኛቸዋለሁ፣ ዝቅ ብዬ «ይፍቱኝ የኔታ» እላለሁ፣ እሳቸውም በእጃቸው እያማተቡብኝ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ይላሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነው። ከዚያ ረቡዕ በኋላ ግን ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እሰማው ጀመር። ሳልነግራቸው እጠይቃለሁ፣ ሳያውቁ ይሰጡኛል። ለጥቂት ሳምንታት እንደዚያ ወሰድኩ። ከዚያ መንገዴን ቀየርኩ፤ በሆቴሉ ጀርባ ዞሬ፣ በባጃጅ ማቆሚያው በኩል መውረድ ጀመርኩ።

በሰኔ ባለቤታቸውን ገበያ አገኘኋቸው። ጠፋሽ ብለው ወቀሱኝና ስለ የኔታ ነገሩኝ። የኔታ ስሟን በማሽን ለማቅላት መድፈራቸውን ለንስሐ አባታቸው ተናዝዘዋል። ንስሐ አባታቸው ምንም ጥፋት አላየሁም ቢሏቸው እሺ አላሉም፤ ለምነው ስግደት ተቀብለዋል። በበዓለ ሃምሳ ስግደት ስለሌለ ጠብቀው፣ ጾመ ሐዋርያት ሲገባ ጀመሩ። በዚያ ጉልበታቸው ሲነሡ ግድግዳ ይዘው ነው ብለው ባለቤታቸው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። አንድ ሽማግሌ በእኔ ሁለት መስመር ምክንያት መሬት ላይ ግንባራቸውን ያስነካሉ። እኔ ምን አልኩ? «እግዜር ያበርታቸው» አልኩ። ሽንኩርቴን ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ክረምቱ እንዲህ አለፈ። በመስከረም የኔታ ዓይናቸውን ለመታየት ወደ ሌላ ከተማ ሆስፒታል መወሰዳቸውን ሰማሁ። ሞራ ቢሆን በተገፈፈ ነበር። የእሳቸው ግን የዓይን ነርቭ ሕመም ነው፤ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እንይዘዋለን ተብለው ተመለሱ። ሐኪሙ ከእንግዲህ ማጎንበስ ይቅርብዎ ብሏቸዋል። ስግደቱ ጎድቷቸው ይሆን ብዬ የጠየቅሁት ሰው የለም። መልሱን ፈራሁት።

የገና እንግዳ መጥቶ ሄደ፣ ጥምቀትም አለፈ። ከጥምቀት በኋላ በነበረው ሰኞ ከሰዓት፣ ያለ ምንም አዲስ ምክንያት፣ ቁልቁለቱን ወረድኩ። የኔታ በር ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ዝቅ አልኩ፤ የለመድኩትን ቃል ግን አላልኩም። ማን ነው ብለው ጠየቁ። ድምፄን ሲሰሙ «ኧረግ፣ አንች ነሽ? ነይ ተቀመጭ» አሉኝ። ባለቤታቸው ውስጥ ሆነው ምስር ይለቅማሉ።

ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። ላጽዳ ብዬ መግባቴን፣ ያልጠየቅኋቸውን፣ ያልቀዳሁትን፣ ሁለቱን መስመሮች። የኔታ ሳያቋርጡኝ ሰሙ። ስጨርስ ኮዱን ደግሜ እንድነግራቸው ጠየቁኝ፤ ደገምኩላቸው።

«ሥራውን ይሠራል ማለት ነው?»

«ይሠራል የኔታ።»

«ሠርቶ ሲያበቃ ደግሞ የእኔ አይደለም ይላል።»

«አዎ።»

«ይህን መቼ አወቅሽ?»

«ያን ዕለት። ማሽኑ አጠገብ ቆሜ እያለሁ።»

ውስጥ ያለው የምስር ድምፅ ቆመ። የኔታ ስግደቱንስ ታውቂ ነበር ወይ አሉኝ፤ በሰኔ ሰምቻለሁ አልኩ። ባለቤታቸው ሰፌዱን አስቀምጠው በአጠገቤ አልፈው ወጡ። አላዩኝም። እስከ ዛሬም ሰላም ሲሉኝ ፊቴን አያዩም።

ለነዚያ ለሩቅ ሰዎችስ ተናግሬ እንደሆነ ጠየቁኝ። በሦስተኛው ቀን ጽፌላቸዋለሁ አልኩ።

«እኔ እቀርብሽ ነበር እኮ» አሉኝ።

አለቀስኩ። ተንበርክኬ ይፍቱኝ አልኩ፤ በሕይወቴ ትርጉሙን አውቄ ያልኩት ያኔ ነው። በየጧቱ ፈትቼሻለሁ እኮ፣ ሳትነግሪኝ ነው የወሰድሽው አሉ። ቆይተው እጃቸውን አንሥተው ፈቱኝ። ከዚያ ቀኖናዬን ሰጡኝ። ስግደት አይደለም። መጽሐፉን ታመጫለሽ፣ ታነቢልኛለሽ፣ እነግርሻለሁ፣ ትጽፊያለሽ አሉኝ። ደስ አለኝ። ያ ቅጣት በጣም ቀሎ ታየኝ፤ እንዲያውም ነገሩ ሁሉ የሚስተካከል መሰለኝ።

በሳምንቱ መጽሐፉ በካህናቱ ፈቃድ ተመልሶ መጣ። ማሽኑን ከነጨርቁ አወጣሁት፣ በጥር ከቆመበት ገጽ ከፈትኩ። ሁለት ቦታ በፍላሽ ቀዳሁ። የመሃሉን ጽሑፍ ሳነብላቸው የኔታ በቃላቸው ያውቁታል፤ እኔ ሳልጨርሰው ይጨርሱታል፣ ስሳሳት ይስቁብኛል። በአንድ ቀን ሦስት ገጽ የምንሠራ መሰለኝ። ከዚያ ጠርዙ ጋ ደረስን።

«አሁን የመምህሬን እርማት» አሉ። «ከጎኑ ምን ይላል?»

ብራናውን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁ። ፊደሉ ከጤፍ አይበልጥም፤ ቀለሙም ደብዝዟል። ረ ትመስላለች አልኩ፤ ሪም ልትሆን ትችላለች። የኔታ ልትሆን ትችላለች አይባልም፣ ዜማው ሌላ ነው አሉኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መጀመሪያ በረ አዜሙት፣ ከዚያ በሪ አዜሙት፣ ቆሙ። እንደገና አዜሙት። ሁለቱም ያስኬዳል፣ መምህሬ ግን አንዱን መርጠው ነበር አሉ። በስልኬ ፎቶ አንሥቼ አሰፋሁት፤ ሲሰፋ ጭራሽ ጠፋ። ብራናውን ከእጄ ተቀብለው አፍንጫቸው እስኪነካው ድረስ ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ ወደ ብርሃኑ አዞሩት፣ በጣታቸው ዳበሱት። ከዚያ መለሱልኝ።

«እስከ ሐምሌ ይታየኝ ነበር» አሉ።

እኔን ሊወቅሱ አልነበረም፤ ለራሳቸው ነው የተናገሩት። ቦታውን ባዶ ተይውና እለፊ አሉኝ። በዚያ ገጽ ላይ ብቻ አሥራ አንድ ቦታ ባዶ ተውኩ።